በተሳላሚ እግር ስለሚሰበሰብ ገንዘብ

ተሳላሚ በእግሩ መሄዱ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም፤ ምጽዋት መስጠትም እንዲሁ። አዲስ የሆነው ሁለቱን በአንድ ገመድ አስሮ፥ «እኔ ይህን ያህል ኪሎሜትር በእግሬ ወደ ደብሩ እሄዳለሁ፤ እናንተም በየኪሎሜትሩ ይህን ያህል ብር ለድኾች መርጃ ክፈሉ» የሚለው ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት የተወለደው በፈረንጅ አገር ነው። ነገር ግን የበጎ አድራጎት ሩጫ በአዲስ አበባ ከተለመደ፥ መንፈሳዊ ጉዞ የሚያዘጋጁ ማኅበራትም ከቲኬቱ የሚተርፈው ለገዳም መርጃ ይውላል እያሉ ማስታወቂያ መለጠፍ ከጀመሩ ወዲህ፥ በጣና ዳር ለሚኖሩትም ቢሆን ሐሳቡ እንግዳ አይደለም።

ስለዚህ ነገር ሁለት ወገን ይከራከራል። አንደኛው ወገን፥ በተለይም ከካህናቱ መካከል ጥንቁቆቹ፥ ስእለትና ገንዘብ አይቀላቀሉም፤ መጽዋች ቀኙ የሠራችውን ግራው ማወቅ የለባትም፤ በአደባባይ እየተለፈፈ የሚሰበሰብ ምጽዋት ዋጋውን እዚሁ ተቀብሎ ጨርሷል ይላል። ሁለተኛው ወገን፥ በተለይም የተማረው ከተሜ፥ የተራበ ሰው የሚጠግበው በእህል ነው እንጂ በመጽዋቹ ትሕትና አይደለም፤ ገንዘቡ ከመጣ አመጣጡን መመርመር ሥራ መፍታት ነው ይላል። ሁለቱም የሚመለከቱት ሂያጁን ብቻ ነው። አንዱ የሂያጁን ልብ ይመረምራል፤ ሁለተኛው የሂያጁን ከረጢት ይቈጥራል። ሂያጁ የሚረግጠውን መንገድና በመንገዱ ግራና ቀኝ ተቀምጦ እንግዳ የሚያሳልፈውን ባላገር ግን አንዱም አላነሣውም። ክርክሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲታይ አንድ መንገድ ይወሰድ። ፔዳ የሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ስሙን ያገኘው እንደ ፈረንጆች ቁጥር በ1972 ከተቋቋመው የመምህራን ትምህርት ቤት፥ ማለት ከፔዳጎጂ አካዳሚ ነው (ሕዝብ ረጅም ስም አይወድምና ግማሹን ቈርጦ ጣለው)። አካዳሚው በ2000 ከፖሊቴክኒኩ ጋራ ተዋሕዶ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ይባላል። ከየአገሩ የመጣ ወጣት የሚሰበሰብበት ስፍራ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለ አሳብ መጀመሪያ ጆሮ የሚያገኘው በዚያ ነው። ከፔዳ ተነሥቶ ለልደት ወደ ላሊበላ በእግሩ የሚሄድ ሰው ዐባይን ይሻገርና በፎገራ ሜዳ አድርጎ ወረታ ይደርሳል። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ዳገቱን ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል፤ ከዚያም ቁመቱ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈውን የጉናን ተራራ እግር እየታከከ ወደ ጋይንት፥ ወደ ነፋስ መውጫ ይዘልቃል። በመጨረሻ ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ታጥፎ ላሊበላ ይገባል። በመኪናው መንገድ ቢለካ 300 ኪሎሜትር ያህል ነው።

ወሩ ታኅሣሥ ነው። በፎገራ ሩዙ ታጭዶ ይከመራል፤ በጋይንት ደጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው። የጥንቱ ተሳላሚ በሶውን ወይም ዳቦ ቆሎውን በአቁማዳ አድርጎ፥ ዘንጉን ይዞ፥ ጋቢውን ተከናንቦ ይነሣል። በሶው ግን እስከ ላሊበላ አይደርስም፤ እንዲደርስም የታሰበ አይደለም። ቀኑን ሲሄድ ይውልና ሲመሽ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ፥ የመሸበት የእግዜር እንግዳ መሆኑን ይናገራል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። ልጅ ውኃ ታመጣለች፤ እግሩ ይታጠባል፤ ከመደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፍለታል፤ ለልጆቹ ከተጋገረው እንጀራ ይቀርብለታል። በማግሥቱ ሲነሣ ስሙን እንኳ የጠየቀው ላይኖር ይችላል። ላሊበላ ሲደርስም የከተማው ሰው በበዓሉ ሰሞን የመንገደኛ እግር ማጠብን እንደ ክብር ቈጥሮ ይጠብቀዋል። ይህ ሁሉ ያለ ደረሰኝ፥ ያለ መዝገብ፥ ያለ ሰብሳቢና ያለ ጸሐፊ ለብዙ ዘመን ሲሠራ የኖረ ነው።

አሁን ሒሳብ ይሠራ። 50 ሰዎች በቀን 30 ኪሎሜትር ቢሄዱ መንገዱን በ10 ቀን ይጨርሱታል። ጊዜው ጾመ ነቢያት ነውና እያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይመገባል ቢባል እንኳ፥ በጠቅላላው 500 ማዕድ ይሆናል። ከዚህ ላይ ማደሪያው፥ እንጨቱና ውኃው አልተጨመረም፤ ውኃውም ሴቶች ከምንጭ በጀርባቸው የሚያመጡት መሆኑ አይረሳ። ጉዞው ተፈጽሞ በከተማ አዳራሽ በተሳላሚዎች ድካም ይህን ያህል ሺህ ብር ተሰበሰበ ተብሎ ሲነበብ፥ እነዚያ 500 ማዕዶች በየትኛው መዝገብ ይጻፋሉ? ማዕዱን ያቀረበው ማን ነው ቢባልም መልሱ የታወቀ ነው። ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት እርዳታ ታቅፈው ከኖሩት ወረዳዎች መካከል ናቸው። እንግዲህ እንግዳውን የሚቀበለው ሰው ራሱ በተረጂዎች መዝገብ ስሙ የተጻፈ ሊሆን ይችላል። ከድኻ ቤት አድሮና በልቶ ለድኻ ገንዘብ ሰበሰብሁ ማለት፥ የተቀበሉትን እንደ ሰጡ አድርጎ መቍጠር ነው።

ለዚህ ከተሜው የተዘጋጀ መልስ አለው። ሂያጆቻችን በማንም ላይ ሸክም አይሆኑም፤ ስንቃቸውን፥ ድንኳናቸውንና የታሸገ ውኃቸውን የጫነ መኪና ይከተላቸዋል ይላል። መልሱ ነገሩን ከማቅለል ይልቅ ያከብደዋል። መኪናው ነዳጅ ይፈልጋል፤ ሹፌሩ አበል ይፈልጋል፤ ካናቴራው ይታተማል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ይቀጠራል፤ ይህ ሁሉ ከየት እንደሚወጣ ቃል የገቡት ሰዎች አልተነገራቸውም። ከዚህም የሚብሰው፥ ስንቁ በመኪና የሚከተለው ሰው የማንንም ደጅ አይመታም። በጉና ሥር ያለችውን ባልቴት አያያትም፤ እርስዋም ካናቴራውን ታየው እንደ ሆነ ነው እንጂ ሰውየውን አታየውም። እንዲህ ከሆነ መንገዱ የላሊበላ መንገድ መሆኑ ምን ጠቀመ? በባሕር ዳር ስታዲየም ዙሪያ 300 ኪሎሜትር ቢዞር ያው ነው፤ ወጪውም ይቀንሳል።

እንግዲህ ሂያጁ ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ከመንገዱ ድኻ ይበላል፥ ወይ የመንገዱን ድኻ አልፎ ይሄዳል። በሁለቱም ቢሆን ለመንገዱ ዕዳ አለበት። ስለዚህ በተሳላሚ እግር የተሰበሰበ ገንዘብ አስቀድሞ የሚገባው ለዚያው ለመንገዱ ነው፤ ከመንገዱ የተረፈው ነው ወደ ሌላ ሊሄድ የሚችለው።

ይህን ትእዛዝ አዲስ ነው የሚል ሰው የቆሎ ተማሪን ይመልከት። ከጎጃም ደብር ወደ ደብር፥ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፥ ከቅኔ ቤት ወደ መጽሐፍ ቤት ሲዘዋወር የኖረው ተማሪ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን በትከሻው አንግቶ፥ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ሲለምን የሚያገኘውን ቍራሽ የሚበላው በዚያው መንደር፥ በዚያው ጎጆ፥ ከባልንጀሮቹ ጋራ ነው። የሰጠችው ሴት ነገ በቤተ ክርስቲያን ሲያዜም ትሰማዋለች። እንጀራዋ የት እንደ ደረሰ ለማወቅ ሪፖርት አያስፈልጋትም። ባለ ዕዳውና ባለ ገንዘቡ በአንድ ደብር ጥላ ሥር ናቸው። በአንጻሩ ጥላ ዘርግቶ፥ ሥዕል ይዞ፥ ሩቅ አገር ላለና ማንም ላላየው ቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ነው እያለ በከተማ መንገድ የሚለምነውን ሰው ሕዝብ በጥርጣሬ ማየት የጀመረው ለምን እንደ ሆነ ካህናቱ ያውቃሉ። ከነዚያ መካከል እውነተኞች አሉ፤ ሐሰተኞችም ተገኝተዋል፤ ሁለቱን ለይቶ ለማወቅ ግን ሰጪው ምልክት የለውም። ርቀቱ ነው ምልክቱን ያጠፋው።

ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተሂዶ ዘጌ ሲደረስ፥ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብእ ታሪክ ተሥሎ ይታያል። ታሪኩን የማያውቅ ምእመን የለምና ማብዛት አያስፈልግም። 78 ነፍስ የበላ ሰው በመንገድ ላገኘው ለተጠማ ድኻ ስለ እመቤታችን ስም አንድ እፍኝ ውኃ ሰጠ፤ በሚዛንም ያ እፍኝ ውኃ ነፍሱን አዳነ። ሠዓሊውም አድማጩም ሲያተኩሩ የኖሩት በሚዛኑ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ውኃው የተሰጠው የት እንደ ሆነ ልብ ይሏል፤ በመንገድ ላይ፥ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው፥ ከገዛ ቅሉ። ድኻው በዚያው ስፍራ ጠጣው። ያ ሰው ውኃውን ከልክሎ አልፎ፥ ሌላ አገር ላሉ ጥሙማን እንዲታደል ከባልንጀሮቹ ገንዘብ ቢለምን ኖሮ ሚዛኑ ምን ያሳይ እንደ ነበር ሥዕሉን የሚያስጐበኙት አባቶች ቢጠየቁ መልሱን አያጡትም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ጥንቁቁ ካህን ፈረደልኝ ብሎ ደስ እንዳይለው። ገንዘብና ጉዞ አይቀላቀሉም ማለት ከመጽሐፍ ጋራ አይስማማም። ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ለነበሩት ድኾች ገንዘብ ለማሰባሰብ ከገላትያ እስከ ቆሮንቶስ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት ያሳሰበ፥ የአንዱን አገር ልግስና ለሌላው እየነገረ ያነሣሣ፥ ገንዘቡንም ለማድረስ ባሕርና የብስ ያቋረጠ አይደለምን? የመቄዶንያ ሰዎች ከድህነታቸው አውጥተው እንደ ሰጡ የጻፈው ለቆሮንቶስ ሰዎች እንዲሰሙት ነው፤ ይኸውም በአደባባይ መናገር ነው። (በአዲስ አበባ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና አንሥቶ የሚጦረው ማዕከል በመቄዶንያ ስም መጠራቱ ያለ ነገር አይደለም።) ነገር ግን ሐዋርያው አንድ ነገር አልዘነጋም። ስለዚህ ብዙ ገንዘብ ማንም እንዳይነቅፈው ተጠንቅቆ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው የመረጧቸውን ሰዎች ከገንዘቡ ጋራ ላከ። ገንዘቡን የሚጠብቁት ሰዎች የሐዋርያው ዘመዶች ወይም ደቀ መዛሙርት ብቻ አልነበሩም፤ የሰጪዎቹ ወኪሎች ነበሩ። ካህናቱ ይህን ምዕራፍ ትተው ስለ ግራ እጅ የተነገረውን ብቻ ቢጠቅሱ ግማሽ ትምህርት ያስተማሩ ይሆናሉ።

የፈረንጆቹም ሥራ በጅምላ የሚናቅ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. በጥቅምት በአሜሪካ በሰሜን ዳኮታ ቢስማርክ በምትባለው ከተማ ክርስቲያኖች ለተራቡ መርጃ በእግር ሲሄዱ የተጀመረው ልማድ ወደ ብዙ ከተሞች ተዛምቷል። ከ1977ቱ ረኀብ በኋላ፥ በ1978 ዓ.ም. በግንቦት፥ አንድ የሱዳን ሯጭ ከአገሩ የስደተኞች ሰፈር ችቦ ለኵሶ ወደ አውሮፓና ወደ ኒውዮርክ ሲወስድ፥ በብዙ አገሮች በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ ለአፍሪካ ርኁባን በአንድ ቀን ሮጧል። በዚያ ዘመን ከተለያየ ስፍራ ከመጣው እርዳታ የበላ ኢትዮጵያዊ የሰጪውን ልብ ለመመርመር አቅም አልነበረውም፤ ሊመረምርም አይገባውም ነበር። በ2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ካፒቴን ቶም ሙር የሚባሉ የ99 ዓመት ሽማግሌ በአትክልት ስፍራቸው እየተመላለሱ ለሐኪም ቤቶች በጎ አድራጎት ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አሰባሰቡ፤ ያም ገንዘብ ወደ ታሰበለት ደረሰ። ነገር ግን በስማቸው በኋላ የተቋቋመውን ሌላ ድርጅት የአገሩ የበጎ አድራጎት ተቈጣጣሪ መርምሮ፥ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ ቤተ ሰቡ ከድርጅቱ ጥቅም ማግኘቱን ገልጾ ነቀፈ። የሽማግሌው ድካም ንጹሕ ነበር። የድካሙን ስም ግን ሌላ ሰው ሊነግድበት ቻለ፤ በድካም የተገኘ ስም እንደ ሌላው ዕቃ የሚሸጥ ነውና።

ሌላም የሚታይ ነገር አለ። በእስፓኝ አገር ወደ ቅዱስ ያዕቆብ መቃብር የሚወስደው መንገድ፥ ከፈረንሳይ ጠረፍ ሲለካ 800 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ እንደ ፈረንጆች ቁጥር በ2023 ብቻ ከ440,000 የሚበልጡ ሰዎች መድረሳቸውን የሚመሰክር ወረቀት ተቀብለዋል። ዛሬ ከነዚያ መካከል ብዙዎች ለዚህ ወይም ለዚያ በጎ ሥራ ገንዘብ እያሰባሰቡ የሚሄዱ ናቸው። መንገዱን ያቆመው ግን ይህ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ነገሥታቱና ገዳማቱ በየቀኑ መንገድ ልክ የእንግዳ ማረፊያና የድውያን ቤት ስለ ሠሩበት ነው፤ በቡርጎስ ከተማ በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራው የንጉሥ ሆስፒታል ከነዚያ አንዱ ነው። ማረፊያው ለተሳላሚውም ለአገሩ ድኻም ነበር። እስከ ዛሬም በአንዳንድ ማረፊያ ዋጋ አይጠየቅም፤ ሂያጁ የቻለውን ከሣጥን ይጥላል፤ በዚያም ለነገው እንግዳ እራት ይሠራል። የእስፓኝ ሰዎች ከመንገዱ ያገኙትን ለመንገዱ መልሰዋል። ከፈረንጅ መቅዳት ካልቀረ የሚቀዳው ይህ ነበር፤ ካናቴራው ግን ቀድሞ ደረሰ።

የጣና ሰው ስለ ዘመቻ ገንዘብ ከሌላ አገር ምሳሌ አያስፈልገውም ብሎ የሚከራከር ቢኖር እውነት አለው። በ2004 ዓ.ም. እምቦጭ በሐይቁ ላይ ከታየ በኋላ ስንት ጊዜ ስለ ጣና ገንዘብ ተጠየቀ! ከከተማና ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች በአውቶቡስ እየመጡ አንድ ቀን ነቅለው፥ ፎቶግራፍ ተነሥተው ተመለሱ፤ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንም ገንዘብ አዋጥተው የማጨጃ ማሽን ላኩ። የሁሉም ፍቅር እውነተኛ ነበር። ከወገብ በላይ በውኃ ተውጦ፥ የቢልሃርዝያ በሽታ ሳይፈራ፥ ከሳምንት ሳምንት በእጁ ሲነቅል የኖረው ግን የደንቢያ፥ የጎንደር ዙሪያ፥ የሊቦ ከምከምና የፎገራ ገበሬ ነው። በስብሰባ የለጋሾች ስም ሲነበብ የእርሱ ስም አልተነበበም፤ አረሙም እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። ያው የፎገራ ገበሬ ነው እንግዲህ የላሊበላ ተሳላሚ የመጀመሪያውን ሌሊት የሚያድርበት።

ታዲያ ለመንገዱ ምን ይደረግ ቢባል፥ የሚያስፈልገውን ለማወቅ ኮሚቴ አያሻም፤ አንድ ጊዜ በእግር የሄደ ሰው ይነግራል። በዳገቱ ላይ የጐለበተ ምንጭ፤ ተሳላሚ በብዛት በሚያልፍበት ሰሞን መንደሩን የሚያድን መጸዳጃ፤ በበዓሉ ሰሞን ለሚያሳድሩ ቤቶች ጥቂት ቍና እህል፤ በመንገዱ ዳር ላለ የአብነት ትምህርት ቤት ጣራና ልብስ፤ ለታመመ መንገደኛና ለታመመ ባለ ቤት አንድ ላይ የሚያገለግል መድኃኒት። እነዚህ በትንሽ ገንዘብ የሚሠሩ ናቸው፤ ሂያጁም በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ ተሠርተው ወይም ሳይሠሩ በዓይኑ ያያል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው ጉዞ ዓድዋ ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ 1,000 ኪሎሜትር ያህል በእግር መሄድ ለዛሬ ወጣት የማይቻል አለመሆኑን አሳይቷል። የእግር ብርታት አልጠፋም፤ የጐደለው እግሩ ያለፈበትን ስፍራ መልሶ የሚያስብ ሥርዓት ነው።

አንድ ከባድ ነገር ግን አለ፤ ዝም ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። ላሊበላ ራስዋ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነት ተይዛ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል ውጊያ ተነሥቶ መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ ቆይቷል። ተሳላሚ በገዛ እምነቱ ቢሄድ የሚከለክለው የለም፤ በዚያ ሁሉ ዘመን የሄዱ አሉ። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ብሎ ሰውን በዝርዝር ጠርቶ፥ ቀን ቈርጦ፥ ባንዲራ አስይዞ ውጊያ ባለበት መንገድ ማሰማራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አደጋው በሂያጁ ላይ ብቻ ሳይሆን ባሳደረው ገበሬ ላይም ይመጣልና። ሰላም እስኪጸና ድረስ ይህን አሳብ የሚያቀርቡ ማኅበራት እግሩን ያቆዩት።

ገንዘቡን ግን ማቆየት አያስፈልግም። ከመተከል፥ ከወለጋና ከሌላም ስፍራ ተፈናቅለው ወደ አማራ ክልል ከተሞች ከገቡት መካከል ብዙዎች ልጅ አዝለው በእግራቸው የሄዱ ናቸው። ኪሎሜትራቸውን የቈጠረላቸው፥ በየኪሎሜትሩም ይህን ያህል ብር ብሎ ቃል የገባላቸው አልነበረም። ፔዳ ላይ የጉዞ ቃል ኪዳን ወረቀት አሳትሞ ለማደል የሚያስብ ማኅበር ቢኖር፥ ወረቀቱን በነርሱ ርቀት ይሙላው፤ ርቀቱ አስቀድሞ ተሄዷልና የሚከተል መኪና አያስፈልግም። የሒሳቡም ወረቀት በከተማ አዳራሽ ተነቦ አይቅር፤ ገንዘቡን የተቀበሉት ሰዎች ባሉበት፥ ራሳቸው በመረጧቸው ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ፊት፥ ከቅዳሴ በኋላ ይነበብ። መንገዱ በሰላም በተከፈተ ጊዜም እንዲሁ በወረታ፥ በደብረ ታቦር፥ በነፋስ መውጫና በጋሸና ይነበብ፤ እንጀራ ያቀረበችው ሴት ሰምታ፥ የጐደለውን ነገር በቃልዋ እንድትናገር።